ፈንታሁን የራሱን ስም የጠራ ዕለት

ዓምና በዚህ ወቅት አንድ ተራ ቀን ፈንታሁንን ምን ያስከፍለው እንደነበር ላስላላችሁ። ብርድ ልብሱን ከላዩ ለመግፈፍ፣ አልገራ ያለ በሬ ጠምዶ ግማሽ ማሳ የማረስ ያህል ጉልበት። ጫማ ለማሰር ሌላ ግማሽ ማሳ። ከደጁ እስከ መንገዱ ለመድረስ ደግሞ ውሸት። «ደህና አደርክ?» ላለው ጎረቤት ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ በሁለቱም ሃይማኖት መዋሸት ነበረበት። የእኛ አገር ሰላምታ እንደምታውቁት አጭር አይደለም። ስለ ራሱ ተጠይቆ ሲያበቃ ስለ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ስለ በቅሎው፣ ከበቅሎው ስለ ዝናቡ ይጠየቃል። መልሱን የሚጠብቅ ግን የለም፤ ጠያቂው «አፊያ ነው? አፊያ ነው?» እያለ ማዶ ተሻግሯል። ምሳ ላይ ሚስቱ አልታዬ እንዳይከፋት ሲል ብቻ የማይጣፍጠውን እያኘከ ይውላል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ሲያበቃ ማታ ሊቀበል የሚገባው እንቅልፍ ነበር፤ እሱን ደግሞ የሚከፍለው አላገኘም።

ፈንታሁን በመካነ ሰላም የእኛ ሰፈር ቅሬ ጥሩምባ ነፊ ነው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ቀን ቀን ኮርቻ ይሰፋል። ከከላላ በበቅሎ የመጣ ገበያተኛ ልጓሙ ቢበጠስበት «ፈንታሁን የት ነው?» ይላል። ሰው የሞተ ዕለት ግን ወስፌውን አስቀምጦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን ይዞ ይወጣል።

አጠራሩ ያምራል። ስም ቆርጦ አይጥልም፤ ከነአባት ስሙ፣ ከነሙያው፣ ቀስ አድርጎ፣ ሟቹ ራሱ ቢሰማው ደስ እንዲለው አድርጎ ነው የሚጠራው። በአጥር የምንዋሰናቸው፣ ባላቸውን የቀበሩት እትዬ ሙሉሐረግ «እንዲህ አሳምረህ ካልጠራኸኝ አልሞትልህም!» ይሉት ነበር። ማሞገሳቸው ነው።

ታዲያ ያ ክፉ ዘመን ሲመጣ የጠራው ስም በዛ። አብሮት ያደገውን ጠራ። ኮርቻ አሰፍቶ ያልወሰደውን ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ሲመለስ ግን «አንተስ እንዴት ነህ?» ያለው ሰው አላየሁም። ጥሩምባ የሰማ ሰው ወደ ሟች ቤት ይሮጣል፤ ወደ ነፊው ማን ይሮጣል?

መጀመሪያ እንቅልፉ ሄደ። ቀጥሎ የምግብ ፍላጎቱ። ከዚያ ሣቁ። ክረምቱ ሲገባ ወስፌውን በእጁ እንደያዘ፣ ሳይሰፋ፣ ግድግዳ ላይ አፍጦ መዋል ጀመረ። ልጆቹ ሲጫወቱ እንኳ ቀና አይልም።

እንግዲህ መካነ ሰላም ሐኪም ቸግሯት አያውቅም፤ በየበሩ አንድ አለ። እትዬ ሙሉሐረግ «ዓይን ነው፣ በድምፁ የቀና ሰው አለ» ብለው ጤና አዳም አሽተው አፍንጫው ሥር ወሸቁለት። ከወረኢሉ የመጣ እንግዳ «የሬሳ ጥላ ነው» አለ፤ ይህን ብሎ መድኃኒቱን ሳይናገር አውቶቡስ ተሳፈረ። ባለሱቁ ሳዲቅ «ሥራ ፈትቶ ነው፤ ቢሠራ ይለቀዋል» አለ፤ መሥራት ያቃተው ታሞ መሆኑን ሊያስብ ጊዜ አልነበረውም፣ ሥራ ላይ ነበር። ከተማ የተማረ አንድ ወጣት ደግሞ «ስልክ ማፍጠጥ ያመጣው ነው» ብሎ አስረዳን። የፈንታሁን ስልክ ባትሪ ከማብራት በቀር የምታውቀው ነገር የላትም።

የሁሉም መድኃኒት ግን «አብሽር» ናት፣ አይዞህ እንደማለት። አብሽር ያለ ወረፋ ትታደላለች። ጠዋት አብሽር፣ ቀትር ላይ አብሽር፣ ማታ አብሽር። በአብሽር ያልተሻለው ሰው ካለ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» ይጨመርለታል። ይሄኛው ኃይለኛ ነው፤ በሽተኛውን ባያድነውም አፉን ይዘጋዋል።

አልታዬ አንድ ቀን ልብስ እያሰጣን ሳለ «ሆስፒታል ልውሰደው» አለች።

እትዬ ሙሉሐረግ ደረታቸውን መቱ። «ምን ነካሽ አንቺ! አበደ ልታስብይው ነው? ልጆችሽን ማን ያገባልሻል?»

«ትልቁ ልጄ ገና ሦስተኛ ክፍል ነው እኮ እትዬ።»

«ወሬም ታድጋለች! ልጁ ሲደርስ ወሬዋም አብራው ትደርሳለች።»

«ከሞተስ?»

«ሞትማ የእግዜር ነው፤ ሞት አያሳፍርም።»

አልታዬ የያዘችውን ልብስ ደግማ ጨመቀችው፤ የሚወጣ ውኃ አልነበረውም።

ጸበል ሄደ፣ ተጠመቀ። እስላሞቹ ጎረቤቶቻችን ዱዓ አደረጉለት። በዚህ ቅር የሚለኝ ነገር የለም፤ ጸሎት ሰው አይጎዳም። የጎዳን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «ጾሙ ይፈታና»፣ «መውሊዱ ይለፍና»፣ «መኸሩ ይሰብሰብና»። ጥርሱን ቢያመው በማግሥቱ ይነቀልለት ነበር። ለጥርስ ማንም መኸር አይጠብቅም።

መኸሩ ሳይሰበሰብ አንድ ጠዋት፣ ልጄን እያጠባሁ፣ ጥሩምባ ሰማሁ።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ኮርቻ ሰፊው፣ የዓባይነህ ልጅ ፈንታሁን ከዚህ ዓለም ድካም አርፏልና፣ ቅሬተኛ ሁላ ውጣ!»

እንቅልፍ ያልለቀቀው ሰው እንዲህ ነው። ማን እንደሞተ ሁላችንም ሰማን። ማን እንደጠራ ግን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ያ ድምፅ ዕድሜያችንን ሙሉ የሰማነው ድምፅ ነው፤ ሞተ ካለ ሞቷል። ልጄን አዘልኩ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ ወጣሁ።

የቅሬያችንን ፍጥነት ያየ ሰው ይደነቃል። ፀሐይ ሳትወጣ ድንኳኑ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ድስቱ ወጣ፣ አግዳሚው ወጣ። ቆፋሪዎቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲሮጡ «ቁመቱ እንዴት ነው?» «ረዘም ይላል፣ ጨምርበት!» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የቅሬው ዳኛ ሐጂ አህመዲን ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ይላሉ። እትዬ ሙሉሐረግ ሙሾ ጀምረዋል። ሳዲቅ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፤ ሳዲቅ ሱቅ ዘጋ ማለት ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ለፈንታሁን ይህን ያህል ሰው ሲሮጥለት ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ደጁ ስንደርስ ሟቹ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ጥሩምባው ጭኑ ላይ ነው። አልታዬ በባዶ እግሯ አጠገቡ ቆማ፣ የኮቱን እጅጌ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች።

እትዬ ሙሉሐረግ ዓይናቸውን ጨፍነው እያለቀሱ ነበር የመጡት። «አንተ ድምፀ መረዋ! እንግዲህ እኔን ማን ይጠራኛል! ማን እንደ አንተ...» ዓይናቸውን ገለጡ። «ኸረ! አለህ እንዴ?»

«አለሁ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የሞትከው?»

ፈንታሁን ቀና ብሎ አያቸው። «ከሞትኩ በኋላ የሚጠራልኝ የለም ብዬ ነው። ሌላ ነፊ የለንም። ቀደም ብዬ ልጥራ አልኩ።»

ሰዉ ደስ ያለው ይመስላችኋል? የሞተ ጎረቤት ቆሞ ሲገኝ እልል የሚባል ይመስላችኋል? ተቆጣ እንጂ!

«ሱቅ አዘጋኸኝ እኮ አንተ!» አለ ሳዲቅ።

«እኔ ሽሮዬን እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት፤ ይኼኔ አርሯል» አለች አንዷ።

ከቆፋሪዎቹ አንዱ አካፋውን ተደግፎ ደረሰ። «ጀምረነዋል እኮ። አሁን ማን ይግባበት?»

ሐጂ አህመዲን ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። «ዝም በሉ! ቅሬ ተሰብስቧል፣ ነገሩ እዚሁ ይታያል።» በግማሽ በተተከለው ድንኳን ሥር አግዳሚ ተዘርግቶ ችሎት ሆነ።

«ሐጂ፣ ይኼ ምን ይታያል?» አለ ሳዲቅ። «ጥሪ አለ፣ ሬሳ የለም። የሐሰት ጥሪ ነው። ይቀጣ! ካልሆነም ከቅሬ ይውጣ።»

ከቅሬ ውጣ ማለት እኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። ብትሞት የሚቀብርህ፣ ብታዝን ደጅህ የሚቀመጥ የለም ማለት ነው። አልታዬ እጅጌውን ይበልጥ ጨመደደችው።

«ታሞ እንደሆነስ?» አሉ ሐጂ። «ደንባችን የታመመን ይምራል። ሁለት ሰው ይየው።»

ሁለት ሽማግሌዎች ተነሡ። ግንባሩን ዳበሱ። ምላሱን አስወጡ። ሱሪውን ሰብስበው ቅልጥሙን ተጫኑ። በቅሎ ሊገዙ ይመስሉ ነበር።

«ትኩሳት የለውም።»

«እብጠትም የለው። ቁስልም የለው። ምላሱም ንጹሕ ነው።»

ሳዲቅ እጁን ዘረጋ። «ይኸው! ምኑ ነው የታመመው? አንድ ቦታ ያሳየንና እንመን!»

ፈንታሁን በእውነት ፈለገ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ከዚያ ራሱ ላይ፣ ከዚያ መልሶ ጭኑ ላይ አሳረፈው። «ሁለመናዬን ነው የሚያመኝ። የሚደማ ቦታ ግን የለኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አጣሁላችሁ።»

ያኔ ነው አልታዬ የተናገረችው። አልታዬ ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት፤ ገበያ ላይ እንኳ ዋጋ የምትከራከረው በሹክሹክታ ነው።

«ሐጂ፣ ልናገር?»

«ተናገሪ ልጄ።»

«ድንኳን ይዛችሁ መጣችሁ። ድስት ይዛችሁ መጣችሁ። ጉድጓዱንም ጀምራችሁለታል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ክረምቱን ሙሉ ሳይተኛ ሲያድር ግን መደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያዋየው አንድ ሰው የለም። አብሽር ብላችሁ አለፋችሁ። ዛሬ ጥሩምባውን ሰምቼ ሮጬ ባልይዘው፣ ነፍቶ ሲያበቃ ወዴት ሊሄድ እንደነበር ጠይቁት እስቲ! እናንተ ምላስ ታያላችሁ፤ ይህን ጠይቁት!»

የጠየቀው የለም። ፈንታሁን አንገቱን ደፋ። ለሁላችንም ገባን፤ የእትዬ ሙሉሐረግ እጅ እንኳ አፋቸው ላይ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አሁን ቃሬዛው ይውጣልኝ» አለች አልታዬ።

ቃሬዛው የቅሬው ነው። ምጥ የጠናባትን፣ እግሩ የተሰበረውን ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ማድረስ የቅሬተኛው ግዴታ ነው።

«እግሩ ደህና የሆነን ሰው ማን ይሸከማል?» አለ ሳዲቅ፤ ድምፁ ግን ቀንሷል። «በእግሩ ይሂድ እንጂ።»

«ይሂዳ! ብቻውን ግን አልሰደውም። አብራችሁት ሂዱ።»

ሐጂ አህመዲን ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «የወጣ ቅሬ የወጣበትን ሳያደርስ ቤቱ አይገባም። ተነሡ።»

«ወዴት ሐጂ?»

«ሟቹን ልናደርስ ነዋ!»

እንዲህ ያለ ቀብር መካነ ሰላም አይታ አታውቅም። ሟቹ በእግሩ ከፊት፣ ሚስቱ እጅጌውን ይዛ። ጋቢ የለበሱ ወንዶች ከኋላ። ነጠላ ያዘቀዘቅን ሴቶች ከእነሱ ኋላ። ባጃጅ ነጂዎቹ ዘፈናቸውን አጠፉልን። መንገደኛው ቆቡን እያወለቀ «ማን ነው ያረፈው?» ሲል፣ ሳዲቅ በብስጭት «ያ ከፊት የሚሄደው!» ይላል። አንዲት ባልቴት እውነት መስሏቸው ፈንታሁንን «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አሉት። «አሜን» አላቸው።

የሆስፒታሉ ዘበኛ ሕዝቡን ሲያይ በሩን ገጥሞ ቆመ። «አስከሬን በጓሮ በኩል ነው።»

«አስከሬኑ በዚህ ይግባ፣ ይራመዳል» አሉ ሐጂ።

የአእምሮ ጤና ክፍል ነርሷ ሲስተር ሁዳ ጫጫታውን ሰምታ ወጣች። ገና ወጣት ናት። «የሟች ቤተሰብ የትኛው ነው?»

«ሟቹ እኔ ነኝ» አለ ፈንታሁን።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሷ ግን ትክ ብላ አየችውና «ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ። ባለቤትዎም ይግቡ። ሌሎቻችሁ ደጅ ቆዩልኝ» ብላ በሩን ዘጋች። እትዬ ሙሉሐረግ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ፤ በሩ ግን ወፍራም ነው፣ መንግሥት አስቦበታል።

ውስጥ የሆነውን አልታዬ ናት የነገረችኝ። ሲስተር ሁዳ ስለ እንቅልፉ ጠየቀችው፣ ስለ ምግቡ ጠየቀችው፣ እሱ ዝም ሲል እሷም ዝም ብላ ጠበቀችው። ከዚያ ሳታድበሰብስ «ራስዎን የማጥፋት ሐሳብ ይመጣብዎታል?» አለችው። አልታዬ እንዲህ ያለ ነገር በአፍ የሚጠየቅ አልመሰላትም፤ ደነገጠች። ፈንታሁን ግን ክረምቱን ሙሉ ያልተነፈሰውን ትንፋሽ ተነፈሰ። «አዎ» አለ። «እስከዛሬ የጠየቀኝ የለም።» ከዚያ አወራ። ያን ያህል ሲያወራ አልታዬ ከተጋቡ ወዲህ ሰምታው አታውቅም።

ነርሷ ቆይታ ወደ እኛ ወጣች። «ሕመሙ ድባቴ ይባላል፤ ይታከማል» አለች። «ግን መድኃኒቱ ዛሬ ተውጦ ነገ አያድንም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። እስኪረጋጋ ብቻውን አትተዉት። ጸበሉንም ዱዓውንም አትከልክሉት፤ መድኃኒቱን ግን እኔን ሳይጠይቅ እንዳያቋርጥ። ይልቅ ለምን ይህን ያህል ዘገያችሁ?»

«መኸር ሆኖብን ነው» አለ ሳዲቅ።

ሐጂ ዞር አሉበት። «አንተ ባለሱቅ አይደለህም እንዴ? የምን መኸር አለህ?»

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ሙሉሐረግ በፈንታሁን አጥር ላይ ብቅ አሉ። «ዳንክ?»

«ገና ነኝ እትዬ።»

«አላልኩም? መድኃኒቱ ውሸት ነው!»

ቅሬው ግን አንድ ነገር አደረገ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ለቅሶ ቤት እንደሚታደረው ሁሉ፣ ሟቹ ባልሞተበት ቤት ተራ እየገቡ አደሩለት። የሳዲቅ ተራ ሲደርስ ሳዲቅ አመጣጡ እንቅልፍ ካጣ ሰው ጋር ለማደር ነበር፤ ጀርባውን እንዳሳረፈ ማንኮራፋት ጀመረ። ልጆቹ ነቁ፣ በቅሎዋ ነቃች። አልታዬ እንደምትለው ፈንታሁን ከወራት በኋላ መጀመሪያ የሣቀው በዚያ ማንኮራፋት ነው። ሳዲቅ ዛሬም «እኔ ነኝ ያዳንኩት» ይላል።

ቀስ በቀስ ወስፌው መንቀሳቀስ ጀመረ። እንደ ድሮው ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ጨለም የሚልበት ቀን አለ። በቀጠሮው ሲስተር ሁዳ ዘንድ ይሄዳል፣ መድኃኒቱን ይውጣል፣ ልጆቹን ይጠራል። ቅሬው አላስወጣውም። ቅጣቱን ግን አልማሩትም፤ «ደንብ ደንብ ነው» ስላሉት የሐጂን በቅሎ ኮርቻ በነጻ ሰፋላቸው። ከዚያ ወዲህ ጥሩምባውን ከሌላ ሰው ጋር ተካፍሎ በተራ ይነፋል፤ ይህን ሐጂ ራሳቸው ናቸው ያዘዙት።

አሁን የፈንታሁን ደጅ ሰው አይጠፋም። ያልተበጠሰ ልጓም ይዘው ይመጣሉ። ዙሪያቸውን ገላምጠው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «አንድ ጎረቤት አለኝ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል፣ ያቺ ነርስ ልጅ የምትገባው ስንት ሰዓት ነው?» ይላሉ። በመካነ ሰላም ጎረቤት ሁሉ ታሟል፤ ራሱ የታመመ ሰው ግን አንድም የለም። ሳዲቅ ለጎረቤቱ ጠይቋል። የሳዲቅ ጎረቤት ለሳዲቅ ጠይቋል። እትዬ ሙሉሐረግ «ኩታበር ያለች የእህቴ ልጅ» ብለው ጀምረው፣ መሐል ላይ የእህታቸው ልጅ ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንቅልፍ እንደሌላት ሲያወሩ ዕንባቸው መጣ። የእህታቸው ልጅ ገና አላገባችም። ፈንታሁን ይህን ያውቃል፤ አላረማቸውም። በማግሥቱ ጠዋት ሆስፒታል አብሯቸው ሄደ።

ይህን ልጽፍ መሆኑን ስነግረው አንድ መርፌ ክር ሰፍቶ ጨረሰ።

«ጋሼ፣ ካልፈለግህ ስምህን እቀይረዋለሁ» አልኩት።

«ኧረ ጥሪው! እኔ ራሴ በጥሩምባ ጠርቼው የለ?» ሣቀ። ከዚያ ወስፌውን አስቀመጠና ለምታነቡት ሁሉ አንድ ነገር እንድለምንለት ነገረኝ። እንዳለው አድርጌ ልጻፈው፦

«ቤታችሁ ውስጥ ግድግዳ ላይ አፍጦ የሚውል ሰው ካለ አጠገቡ ተቀመጡና ምን እያሰበ እንደሆነ ጠይቁት። ዝም ቢላችሁ ቶሎ አትነሡ። ሞትን ነው የማስበው ካለ አትጩኹበት፣ ብቻውንም አትተዉት፤ ያንኑ ዕለት ይዛችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ መኸሩ ይቆያል። የታመማችሁት እናንተው ከሆናችሁ ደግሞ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለጎረቤቴ ነው ብላችሁም ቢሆን ኑ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። እኔ ስም መጥራት ሥራዬ ነው፣ እርጅና የወሰደውን አሳምሬ እጠራለሁ። መዳን እየቻለ የቀረውን ግን ጉሮሮዬ አይችልም። እባካችሁ፣ የምጠራውን ስም አሳንሱልኝ።»